ጠበቃ የሚፈለገው ከቀብድ በፊት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የቤት ዋጋ ስንት ገባ፣ የትኛው ሰፈር ተወደደ የሚለውን ትጽፋላችሁ፤ እናነባለን። ቤቱ ሲገዛ ስለሚፈረመው ወረቀት ግን ብዙም አይወራም። እኔ ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ካሉት ትንንሽ ጽሕፈት ቤቶች በአንዱ ውልና አቤቱታ የምተይብ ሰው ነኝ። ጠበቃ አይደለሁም። ለጠበቃ መቅረብ ያለበት ጥያቄ ግን በሙሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ ያውም ቀብዱ ከተበላ፣ ደላላው ኮሚሽኑን ማስላት ከጀመረ በኋላ።

«ለመሆኑ ጠበቃ የግድ ነው?» ይሉኛል። አይደለም። ሻጭና ገዢ መታወቂያና ካርታ ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ብትሄዱ ጠበቃችሁ የታለ የሚላችሁ የለም። እዚያ ያለው ሠራተኛ ማንነታችሁን ያያል፣ የባለቤትነት ማስረጃውን ያያል፣ ዕዳና እግድ መኖሩን ያጣራል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም አዋዋይ (እንደ ውልና ማስረጃ ያለው) ፊት መመዝገብ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ከ1952 ጀምሮ ይናገራል። ነገር ግን ክፍያው ቀድሞ አለቀ፣ ርክክቡ መቼ እንደሆነ አልተጻፈም፣ ግብሩን ማን ይከፍላል ብሎ ለእናንተ የሚሟገት እሱ አይደለም። ሥራውም አይደለም።

እንግሊዝ አገር ገዢም ሻጭም የየራሳቸውን የሕግ ባለሙያ ይይዛሉ፤ ገንዘቡም ብዙ ጊዜ በባለሙያዎቹ የደንበኛ ሒሳብ በኩል ነው የሚያልፈው። እኛ ጋ ደላላው አገናኝም፣ አስታራቂም፣ ውል አስጻፊም፣ አንዳንዴ ምስክርም ነው። ለሁለታችሁም የሚሆን ጠበቃ አለኝ የሚላችሁም እሱ ነው። ተዉት። በዋጋና በርክክብ የሚጋጩ ሁለት ሰዎችን አንድ ጠበቃ እንዴት አድርጎ ያገለግላል? የራሳችሁን ያዙ፤ ፈቃዱንም ጠይቁ። ጎበዝ ጠበቃ ፈቃድህን አሳየኝ ሲባል አይቆጣም።

አሁን ውሉ ውስጥ ልግባ። እዚህ አካባቢ የሚጻፍ ውል ሁሉ መጨረሻው ላይ «በፍ/ብ/ሕ/ቁ 1731 እና 2005 መሠረት በሕግ ፊት የጸና ነው» ይላል። ማንም ሳይጠይቀኝ እተይበዋለሁ። ሰው ቁጥሮቹን ሲያይ ልቡ ያርፋል። 1731 ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው ይላል። 2005 ደግሞ የፈረማችሁበት ጽሑፍ በእናንተ መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል። እንግዲህ ይኸው ልቡ ያረፈው ሰውዬ፣ ጥቂት መስመር ከፍ ብሎ፣ ግብር እንዲቀንስ ዋጋውን ዝቅ አድርገህ ጻፍልኝ ይለኛል። ለምሳሌ በ12 ሚሊዮን የገዛውን 3 ሚሊዮን በልልኝ ይላል። ነገ ውሉ ቢፈርስና ገንዘቤ ይመለስ ቢል እጁ ላይ ያለው 3 ሚሊዮን የሚል ወረቀት ነው፤ ያ የተማመነበት 2005 ዞሮ የሚሠራው በራሱ ላይ ነው፤ ቀሪውን በጓዳ ከፍያለሁ፣ ምስክር አለኝ ቢልም የተፈረመ ጽሑፍን በምስክር ማፍረስ ዳገት ነው። ግብሩም መቀነሱን እንጃ፤ መንግሥት የራሱ የዋጋ ግምት አለው።

ብዙ ሰው ያስለቀሰው ግን ውክልና ነው። ሻጩ አሜሪካ ነው፣ እዚህ ያለው ወንድሙ ነው፣ ወረቀቱ ማኅተም በማኅተም ነው። ገዢ ማኅተሙን ይቆጥራል እንጂ አያነብም። ጠቅላላ ውክልና ቤት አያሸጥም፤ ቤት ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን እንደሚያስፈልግ የዚያው ሕግ ቁጥር 2205 ያዛል። ስለዚህ መሸጥ የሚለው ተጽፏል ወይ? የሽያጩን ገንዘብ መቀበልስ? ወካዩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ያበቃል፤ ሊሻርም ይችላል። ጠበቃ ከያዛችሁ መጀመሪያ የሚያጣራው ይህንን ነው። እናንተም ብትሆኑ ሰውየውን ዋትሳፕ ላይ መልኩን እያያችሁ አናግሩት፤ ምን ያሳፍራል?

ትዳር ላይም እንዲሁ ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ ስለሆነ ሚስት መፈረም የለባትም የሚል ሰው አሁንም አለ። በትዳር ውስጥ የተፈራ ቤት የጋራ ነው፤ ካርታው የማንም ስም ላይ ይሁን። በ1992 በወጣው የቤተሰብ ሕግ መሠረት የጋራ ቤት የሚሸጠው በሁለቱም ስምምነት ነው፤ ያልተስማማው ወገን ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢበዛ ደግሞ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ሊያስፈርሰው ይችላል። «ተፋትተናል» ካሏችሁ የፍቺውን ውሳኔ ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉንም ጠይቁ። የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ወራሾቹ ሁሉ ይፈርሙ፤ «ታናሽየው ይስማማል» የሚባል ነገር የለም።

ኮንዶሚኒየም ላይ ነገሩ አጭር ነው። በዕጣ የደረሰ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ለጊዜው በውክልና እንያዘው፣ ሽያጩን ለመሸፈን የብድር ውል እንጻፍበት የሚሏችሁ ሰዎች ሞልተዋል። እኔ እንዲህ ያለውን አልተይብም።

መሀል ከተማ ለምትገዙ ሌላም አለ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ ሁላችንም አይተናል። ቤቱ መልሶ ማልማት ውስጥ መግባት አለመግባቱን ክፍለ ከተማው መሬት ልማት ጋ ሄዶ መጠየቅ የጠበቃችሁ ሥራ ይሁን። እግረ መንገዱን የይዞታውን ዓይነት ይንገራችሁ። በሊዝ አዋጁ በ721/2004 መሠረት ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ሳይሆን በቀድሞው አሠራር የተያዘ መሬት፣ በሽያጭ ሲተላለፍ ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ መሬቱን ለተወሰነ ዘመን በክፍያ ይይዘዋል ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ ገዝቶ የሊዝ ክፍያው ሲመጣበት ሻጩን ልክሰስ የሚል ሰው እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል። ሻጩ ምን አጠፋ?

ክፍያውን በተመለከተ፣ ቁልፍ ተቀብላችኋል ማለት ቤቱ የእናንተ ሆነ ማለት አይደለም። ባለቤትነቱ የሚተላለፈው መዝገቡ ላይ ስማችሁ ሲገባ ነው። ጥሩ ጠበቃ ከዋጋው የተወሰነውን ስም እስኪዞር እንድትይዙት ውሉ ላይ ያስገባል። ሻጩ ይነጫነጫል። ይነጫነጭ።

በመጨረሻ የሚጠየቀው «ስንት ያስከፍላሉ?» ነው፤ ለዚህ እኔ መልስ የለኝም። ለደላላ 2 ከመቶ ሳያቅማማ የሚቆርጥ ሰው ጠበቃ ጋ ሲደርስ ለምን ሳንቲም እንደሚቆጥር አልገባኝም። ግን ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ጠበቆች ሆይ፣ ውል ማርቀቅ ይህን ያህል፣ ማጣራት ይህን ያህል፣ ስም እስኪዞር መከታተል ይህን ያህል ብላችሁ ለያይታችሁ በወረቀት ስጡት። ደንበኛው ዋጋ ሲጠይቃችሁ «አንጣላም» አትበሉት፤ እዚህ መጥቶ እኔን የሚጠይቀኝ ለዚህ ነው።

አንባቢያችሁ
ከልደታ