ኦነሲሞስን ስታነሱ አስቴርን አትርሱ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስለ ኦነሲሞስ ነሲብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ እጃችሁ ይባረክ። ግን አንድ ነገር ከነከነኝና ዝም ማለት አቃተኝ።

«መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ የተረጎመ» ብላችሁ በአንድ መስመር አለፋችሁት። መተርጎሙንስ ተርጉሟል። ግን ሰውዬው ሥራውን ሲጀምር የገዛ ቋንቋው ሸሽቶት ነበር እኮ! ለእኔ የታሪኩ ልብ እዚህ ጋ ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱኑ ዘለላችሁት፣ በቋንቋው የረዳችውን አስቴር ጋኖንም አብራችሁ።

ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ በ1856 ገደማ ተወለደ (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸውም፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ የአውሮፓ ዓመታት ናቸው)። ሲወለድ የወጣለት ስም ሂካ ነው። በኦሮምኛ የሚፈታ፣ የሚተረጉም ማለት ነው፤ እኛ ሕልም ፈቺ እንደምንለው። ይገርማል አይደል? አባቱ የሞቱበት በአራት ዓመቱ ነው። ከዚያ በልጅነቱ ባሪያ ፈንጋዮች ይዘውት ከእጅ ወደ እጅ፣ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሸጠ ስምንት ጌታ ቀያይሮ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ነጻ ያወጣው ቬርነር ሙንዚንገር ነው። አዎ፣ ያው ለግብፅ አድሮ ቦጎስን፣ የከረንን አካባቢ፣ የያዘው ስዊዘርላንዳዊው ሙንዚንገር! አንዱን ሰው ክፉ ብለህ ልትዘጋው ስትል እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል።

እዚያው ምጽዋ ከሚገኘው የስዊድን ሚሲዮን ገባ። በ1872 በፋሲካ ዕለት ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው ደብዳቤ የሚያማልድለት ባሪያ ስም ነው፣ በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ አናሲሞስ ተብሎ የተጻፈው። ከዚያ ስዊድን ሄዶ አምስት ዓመት ተማረ። ተመልሶ ምሕረት ኃይሉን አገባና ጫጉላውን እንኳ ሳያጣጥም ወደ ወለጋ በሱዳን በኩል ተነሳ። አሶሳ ድረስ ሄደው ማለፍ አልቻሉም። ሲመለሱ ሱዳን ውስጥ ፋማካ ላይ ወባ ይሁን ሌላ ብቻ ትኩሳት ጥሎት፣ በ1882 ሚያዝያ ካርቱም በስንት መከራ ደረሱ። ሌላ ጊዜ ደግሞ በሸዋ ሞከረ። እንጦጦ ደርሶ፣ አይቻልም ተብሎ ተመለሰ።

እና ምጽዋ አጠገብ ካለችው እምኩሉ፣ ከሚሲዮኑ ጣቢያ፣ ቁጭ ብሎ መተርጎም ጀመረ። ችግሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ከአገሩ ሰው ርቋል። ትግርኛው፣ ስዊድንኛው አለ። ኦሮምኛው ግን የልጅ ኦሮምኛ ነው። ተረትና ምሳሌው፣ አዋቂ ሲጣላና ሲታረቅ የሚያወራው ወሬ ከየት ይምጣ? የአሥር ዓመት ልጅ በሚያውቀው አማርኛ መዝሙረ ዳዊትን ተርጉሙ ብትባሉ ምን ይውጣችኋል?

አስቴር ጋኖ የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። የሊሙ እናርያ ልጅ ናት። እሷም ተሸጣለች። በ1886 ወደ ዓረብ አገር በጀልባ ስትጫን የጣልያን መርከብ ይዟቸው ነጻ ወጣች፣ እምኩሉ ካለው ትምህርት ቤትም ገባች። ያኔ ገና ወጣት ናት፤ ግን ቋንቋው አፏ ላይ ነበር። ለመዝገበ ቃላት ብላ 15,000 ገደማ ቃል ሰበሰበች። ተረቱን፣ እንቆቅልሹን፣ ዘፈኑን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሩን ከትዝታዋ እየቀዳች 500 ያህል አስመዘገበች። ከዚያ ውስጥ ብዙው በ1894 በወጣው የጀማሪዎች ማንበቢያ ገባ። አዲስ ኪዳን በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ፣ ቅዱስ ክሪሾና። ዛሬ ግን ሰው አፍ ላይ ያለው ስም የእሱ ብቻ ነው።

እሱን ላሳንስ አይደለም። እንዲያውም ለእኔ ትልቅነቱ እዚህ ላይ ነው። አውሮፓ ተምሮ የመጣ ወንድ፣ በዚያ ዘመን፣ ከአንዲት ከባርነት ከወጣች ልጅ ሥር ቁጭ ብሎ «ይሄን እንዴት ነው የምንለው?» ብሎ መጠየቅ! ዛሬ ስንቱ ዲግሪ ያለው ያደርገዋል?

ሌላም ልጨምር። ያ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በግዕዝ ፊደል ነው። ይሄን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። እኔ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነው። ልጅ ሆኜ ጎረቤታችን ወለጋ ያደጉ እማማ ነበሩ። ዓይናቸው ሲደክም «ና እስቲ አንብብልኝ» ይሉኛል። እኔ ኦሮምኛ አልችልም! ፊደሉን ብቻ እየቆጠርኩ እንደ በቀቀን አነባለሁ፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፣ አንዳንዴም ያለቅሳሉ። ስሳሳት ይቆጡኛል። «በዳ» ስል አላልቼ ከሆነ መጥፎ ማለት ነው፣ ካጠበቅኩት ግን ደጋ። ፊደላችን ደግሞ መጥበቅ መላላቱን አያሳይም፣ የእኛም «ገና» ያው ነው። አናባቢ ማስረዘምማ ጭራሽ የለበትም። አንባቢው ቋንቋውን ካላወቀ እኔ እንደሆንኩት ይሆናል። «ዋቃዮ» የሚለውን ቃል ግን ቶሎ ለመድኩት። ፈጣሪን ሕዝቡ ራሱ ሲጠራው በኖረው ስም እንጂ ከውጭ ባመጡት አልተረጎሙትም።

ወደ ሰውዬው ልመለስ። አገሩ የገባው በ1904 ነው፣ አስቴርም አብራ። ነቀምቴ ላይ የአካባቢው ገዥ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ተቀበሉት። በኦሮምኛ ሲሰብክ ሕዝቡ ጎረፈ። የአካባቢው ካህናት ብዙዎቹ ቋንቋውን አያውቁም፣ ምን እንደሚል አይሰሙም፣ ቢደነግጡ አልፈርድባቸውም። በ1906 ድንግል ማርያምን ተሳደበ ተብሎ አቡነ ማቴዎስ ፊት ተከሰሰ። አቡኑ ይሰደድ አሉ። ዓፄ ምኒልክ ግን ውሳኔውን ሽረው ነቀምቴ ይመለስ፣ አይስበክ አሉ። አሥር ዓመት! ቋንቋውን ለመመለስ ዕድሜውን የጨረሰ ሰባኪ፣ አትስበክ ተብሎ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ፊደል ሲያስቆጥር አሥር ዓመት ኖረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ፈቀዱለት። ኢያሱ ሲወርዱም ፈቃዱ አልተነሳም፣ እስኪሞት ሰበከ።

ያረፈው በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም ነው። መቃብሩ ላይ የኤርምያስ ቃል አለ፦ «ምድር ሆይ፥ ምድር ሆይ፥ ምድር ሆይ፥ የእግዚአብሔርን ቃል ስሚ»።

እንግዲህ ጥያቄዬ ትንሽ ናት። ሌላ ጊዜ ስለ እሱ ስትጽፉ የአስቴርንም ስም ከጎኑ አድርጉ፣ ሁለት ቃል ነው፣ ቦታ አይፈጅም። የእማማ መጽሐፍ ቅዱስ አሁን ልጃቸው ጋ ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል፣ ገጾቹ ግን አሉ። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ አስፈቅጄ አመጣዋለሁ፤ ግን በዚያው ቀን ይመለሳል፣ ልጅቷ ለማንም አታምንም።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ