የኮምፓይለሩን ማስጠንቀቂያ አትለፉት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ኮዲንግ ሥልጠና ደጋግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ ደስ ይላል። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሲ ቋንቋ የሚጽፉ ልጆቻችን ፕሮግራሙ ከሠራላቸው ኮምፓይለሩ (የጻፉትን ኮድ ማሽኑ ወደሚያስኬደው ፕሮግራም የሚቀይረው) የደረደረውን ማስጠንቀቂያ ዞር ብለው አያዩትም። በተለይ የቁጥር ዓይነት፣ ማለትም ቁጥሩ የሚቀመጥበት የቦታ ስፋትና ኔጌቲቭ መያዝ አለመያዙ፣ በራሱ ሲቀየር የሚመጣውን።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው። ስለዚህ ከታችኛው ታንከር ወደ ላይኛው ሮቶ የሚገፋ ፓምፕ አለን፣ እሱን የሚያበራና የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ ደግሞ የሰፈር ልጆች ይሠሩልናል። ጎበዞች ናቸው። አንድ ብሎክ ላይ የተገጠመው ግን ፓምፑን ሌሊቱን በደረቁ ሲያስኬድ አድሮ ሞተሩ ተቃጠለ።

ኮዱን ከፍተን አየነው። የታችኛውን ታንከር ውሃ ከፍታ የሚለካው ሴንሰር ማንበብ ሲያቅተው -1 ይመልሳል። «ከ20 ሴንቲ ሜትር ካነሰ አጥፋ» የሚለው 20 ደግሞ አንሳይንድ ኢንት የሚባል የሙሉ ቁጥር ዓይነት ነው፣ ኔጌቲቭ የሚባል ነገር አያውቅም። ሲ ሁለቱን ሲያወዳድር -1ን ወደ አንሳይንድ ይቀይረዋል፤ እንደ አርዱዊኖ ኡኖ አር3 ኢንት 16 ቢት በሆነበት የመቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ዓይነቱ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር፣ 65535፣ ሆነ ማለት ነው። 65535 ደግሞ ከ20 አያንስም። ፓምፑ ውሃ አለ ብሎ ቀጠለ።

የሚያናድደው፣ ኮምፓይለሩ ይህን ያውቃል! ጂሲሲ በሚባለው ኮምፓይለር ላይ ደብልዩ-ኤክስትራ (-Wextra) የሚባለው የማስጠንቀቂያ ምርጫ ቢበራ ኖሮ መስመሩን ጠቁሞ ይናገር ነበር። በሲ ሌላው ምርጫ ደብልዩ-ኦል (-Wall) ብቻውን አይበቃም። ትልቅ ቁጥር ጠባብ ዓይነት ውስጥ ሲገባ የሚያስጠነቅቀው ደብልዩ-ኮንቨርዥንም (-Wconversion) ለብቻው ነው የሚበራው።

አንዳንዱ ማስጠንቀቂያው ሲሰለቸው ካስት፣ ማለትም «ቁጥሩን ወደዚህ ዓይነት ቀይረው» የሚል ግልጽ ትእዛዝ፣ ይለጥፍበታል። ካስት ኮምፓይለሩን ዝም ያሰኘዋል እንጂ ቁጥሩን አያድነውም፤ 300ን ከ0 እስከ 255 ብቻ ወደሚይዘው 8 ቢት አንሳይንድ ብትቀይሩት የሚቀረው 44 ነው። በፈረንጆቹ 1996 አሪያን 5 ሮኬት ከተነሳ 40 ሴኮንድ ሳይሞላው የጠፋው ባለ 64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ሲቀየር አልበቃው ብሎ ነው፤ የፕሮግራሙ ቋንቋ ሲ ሳይሆን ኤዳ ነበር፣ ቅየራውም በግልጽ የተጻፈ። መፍትሔው መጀመሪያ ቁጥሩን መፈተሽ ነው። -1 ከሆነ ፓምፑን አጥፉ፣ ካልሆነ አወዳድሩ።

አሠልጣኞች፣ እባካችሁ ከመጀመሪያው ትምህርት ጀምሮ ከእነዚህ ምርጫዎች ጋር ማስጠንቀቂያን እንደ ስህተት የሚቆጥረው ደብልዩ-ኤረር (-Werror) ይብራ፣ ማስጠንቀቂያ ያለበት ኮድ ጭራሽ አይለፍ። የብሎክ ኮሚቴዎችም ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሴንሰሩን አስነቅሉና ፓምፑ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ።

አንባቢያችሁ፣ ከቱሉ ዲምቱ