ይድረስ መሐል ሜዳ ላለሽው እህት ዓለሜ

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ፣ እማሆይስ እንዴት ናቸው? የመንዝ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ይህን ያህል ጊዜ ዝም ማለቴ ያሳፍረኛል፤ ምክንያት ብደረድርም አይመጥንሽም። የላክሽው ቃል ግን እንቅልፍ ነሳኝ፤ ልጁ 2ኛ ክፍል ደርሶ ፊደሉን እንደ ዳዊት ይደግመዋል፣ መጽሐፍ ሲገለጥለት ግን ዝም ይላል ያልሽው። ሌላውን ወሬ ለሌላ ቀን ላቆየውና ወደዚያው ልግባ።

ልጅሽ ሰነፍ አይደለም። ያጠናው ዜማውን ነው። ዛሬ ማታ የፊደል ገበታውን አውርጂና ጣትሽን «ሎ» ላይ አድርጊ። ከንፈሩ «ለ ሉ ሊ ላ ሌ ል» ብሎ ከቆጠረ በኋላ «ሎ» ካለ፣ የሚያውቀው ተራውን እንጂ ፊደሉን አይደለም። «ሎሚ» የሚለውን ለማንበብ መጀመሪያ ሰባቱን ይወርዳል፣ ከዚያ ለ«ሚ» ሦስት ይቆጥራል፤ «ሚ» ላይ ሲደርስ «ሎ» ተረስቷል። ዝም የሚለው ለዚህ ነው።

33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ናቸውና ሁሉንም ባንድ ጊዜ አትጫኚበት። ከአሮጌ ካርቶን 35 ቁራጭ ቁረጪ፤ የአምስት ፊደል ቤተሰብ ይሆናል፣ ለአንድ ሳምንት ይበቃል። ቀላቅለሽ አንድ አንዱን አሳዪው። ካዕቡ በቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት፣ ሣልሱ እግሩ ላይ ጭረት፣ ኃምሱ እግሩ ላይ ቀለበት እንዳለው «ሱ፣ ሲ፣ ሴ»ን አጠገብ ላጠገብ አድርገሽ አስተያዪው። ከሁሉ የሚያስቸግረው ሳድሱ ነው፤ «ል»፣ «ም»፣ «ር»፣ «ን» አንድ ደንብ የላቸውም፣ ስለዚህ ጊዜውን እዚያ ላይ አጥፊ። ደግሞ ነ እና ኘን፣ ደ እና ጀን፣ ተ እና ቸን በአንድ ሳምንት አትስጪው። ልዩነታቸው አናታቸው ላይ ስለሆነ ይምታቱበታል፤ አንዱ ሲጸናለት ሌላው ይምጣ። ያወቃቸውን ፊደላት በዚያው ምሽት ቃል አድርጊለት፦ «በሬ»፣ «ላም»፣ «ሎሚ»።

ማታ ማታ 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ግን ከብት አስገብቶ፣ እራት ሳይበላ ይሁን። ከበላ በኋላ እሳት ዳር እንቅልፍ ይጥለዋል። አንድ ቃል ላይ ሲቆም በልብሽ እስከ አምስት ቁጠሪ፤ ቶሎ ከነገርሽው ከፊደሉ ይልቅ ፊትሽን ማየት ይለምዳል። ቁጣና ኩርኩም ደግሞ ንባብን ከፍርሃት ጋር ያስተሳስሩበታል። እባክሽን፣ በዚህ ነገር ማንም አይንካው።

አንቺ ከሱቅ የምትገቢው መሽቶ ስለሆነ፣ እማሆይ ፊደል አልቆጠሩምና ማን ያስነብበው ብለሻል። እማሆይ ራሳቸው! ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ድምፅ ለይቶ አያሳይም። «ዋና ከተማ» የሚለውን ልጁ እንደ ውኃ ዋና አላልቶ ቢያነብ ፊደሉን አልሳተም፤ ትርጉሙን ግን ስቷል። ይህን የሚይዘው አማርኛ የጠገበ ጆሮ ነው። «ምን አልክ ልጄ? እስቲ ድገምልኝ» ይበሉት። ሲጨርስ ደግሞ ያነበበውን በራሱ አፍ ያውራላቸው። ማውራት ካቃተው ድምፅ አወጣ እንጂ አላነበበም።

ሒሳቡንም ደብተሩ ላይ እዪው። 36 ሲደመር 27ን 513 ብሎ የጻፈ ልጅ መደመር አልተሳነውም፤ 6 እና 7 የሰጡትን 13 እንዳለ አስቀምጦ፣ 3 እና 2 የሰጡትን 5 ከጎኑ ተክሎታል። እንጨት ስበሪለት፤ አሥር አሥሩን በክር እሰሩ። 36 ማለት ሦስት እስርና ስድስት ነጠላ ነው። 13ቱ ነጠላዎች ሲገናኙ አሥሩን ራሱ አስሮ ከእስሮቹ ጋር ይጨምር፤ 63 እጁ ላይ ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም ያሳስበኛል። የገበያ ቀን ሁልጊዜ ከብት ጠባቂ እሱ ከሆነ፣ ከአምስቱ የትምህርት ቀን አንዱ ሄደ ማለት ነው፤ የዓመቱ አንድ አምስተኛ! የቀረው ደግሞ ሁሌም ያው ቀን ነውና በዚያ ቀን የሚውለው ክፍለ ጊዜ ሁሉ ያመልጠዋል። አጨዳ ሲደርስ መቅረቱ ግድ ከሆነ፣ ቀድማችሁ ለመምህሩ ንገሩ፤ ያለፈውንም በዚያው ሳምንት ከጎረቤት ልጅ ደብተር ይገልብጥ።

መምህሩን ለማነጋገር የወላጅ ስብሰባ አትጠብቂ። እዚያ የሚወራው ብዙውን ጊዜ መዋጮና አጥር ነው፤ መምህሩም ስድሳ ወላጅ ከቦት ስለ አንድ ልጅ ሊነግርሽ አይችልም። ኅዳር ላይ፣ የመንፈቁ ፈተና ሳይደርስ፣ ደብተሩን ይዘሽ ብቻሽን ሂጂ። ስንተኛ እንደሚወጣ አትጠይቂ፤ ደረጃ ስለ ሌሎቹ ልጆች እንጂ ስለ እሱ ብዙም አይነግርሽም። የትኞቹን ፊደላት ይስታል? ጮክ ብሎ ሲያነብ የት ይቆማል? ቤት ምን እናሠራው? ይህን ጠይቂ። መምህሩ እንደምትከታተይ ካወቀ ልጁን በክፍል አስነስቶ የማስነበቡ ነገር ይበረታል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት አባል ሁኚ ቢሉሽም እምቢ አትበይ፤ መጽሐፍ ለስንት ልጅ እንደደረሰ የሚጠይቅ ሰው እዚያ ያስፈልጋል።

ካርቶኑን በዚህ ሳምንት ቁረጪ። ከለ፣ ከመ፣ ከሰ፣ ከበ እና ከረ ጀምሪ፤ የትኞቹ ሳድሶች እንዳስቸገሩት ለይተሽ ጻፊልኝ፣ ዳግመኛ አልዘገይም። የእማሆይን ጉልበት ሳሚልኝ።

ናፋቂሽ
ከደብረ ብርሃን