ለአባዬ፣ ኦሬኾቮ-ዙየቮ ደርሼ ስመለስ

አባዬ እንዴት ነህ፣ ጉልበትህስ ብርዱን እንዴት ቻለው? ይሄን በቴሌግራም ለእህቴ ነው የምልክላት፣ እሷ ታንብብልህ፣ በደህናው ጆሮህ በኩል ትቀመጥ። ረዘም ይላል ግን ወሬው የፋብሪካ ስለሆነ አትሰለችም ብዬ ነው።

እሁድ ዕለት ከኩርስኪ ጣቢያ ኤሌክትሪችካ ተሳፍሬ (የከተማ ዳር ባቡሩን እንዲህ ነው የሚሉት) ከሞስኮ ወደ ምሥራቅ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄድኩልህ፣ ኦሬኾቮ-ዙየቮ ወደሚባል ቦታ። መሥሪያ ቤት አብራኝ ያለች ልጅ ያደገችው እዛ ነው፣ አባቴ የጨርቃጨርቅ ሠራተኛ ነበር ስላት ካላየሽማ አለችኝ። ዛሬ ከተማ ነው እንጂ ድሮ ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ነበሩ፣ ዙየቮ፣ ኦሬኾቮ፣ መሀላቸው ደሞ ኒኮልስኮዬ የሚባለው የፋብሪካ ሰፈር። ክልያዝማ የሚባል ወንዝ ይከፍላቸዋል፣ የሚገርመው ወንዙ የክፍለ ሀገር ወሰንም ነበር፣ ዙየቮ በሞስኮ ስር ሌሎቹ በቭላዲሚር ስር፣ አንድ የሚባሉት በ1917 ነው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)።

ፋብሪካውን የተከለው ሳቫ ሞሮዞቭ የሚባል ሰው ነው፣ በ1770 የተወለደ። ጭሰኛ ነበር በለው፣ ግን የኛ ጭሰኛ አይሸጥም፣ የነሱን ጌታው ከነልጆቹ ይሸጠዋል ይለውጠዋል። በ1797 ዙየቮ ላይ ትንሽ የሐር መሸመኛ ከፈተ፣ ሪባኑንና ጨርቁን ተሸክሞ ሞስኮ ድረስ በእግሩ ይሄድ ነበር ይባላል። በ1812 ናፖሊዮን ገብቶ ሞስኮ ስትቃጠል ጨርቅ ጠፋ፣ የሱ ገበያ ደራ፣ በ1820 ለጌታው 17,000 ሩብል ቆጥሮ ነፃነቱን ገዛ። እስቲ አስበው፣ ራስህን መግዛት! ከዛ ወንዙን ተሻግሮ ኒኮልስኮዬ ላይ ጥጥ ጀመረ፣ ሉድቪግ ክኖፕ የሚባል ጀርመን የእንግሊዝ ማሽን እያስመጣ ተከለላቸው፣ በልጁ በቲሞፌ ጊዜ ሠራተኛው 11,000 ገደማ ደረሰ።

እማዬ የሞሮዞቮቹ ሃይማኖታቸውስ ማለቷ አይቀርም። ኦርቶዶክስ ናቸው፣ ግን የጥንቱን ሥርዓት አንለቅም ያሉት ወገን። በ1650ዎቹ ፓትርያርክ ኒኮን በሦስት ጣት አማትቡ ቢላቸው እኛ በሁለት ጣት ነው ብለው ስንት መከራ አዩበት። አጥባቂ ናቸው፣ እርስ በርስም ይተማመናሉ፣ ንግዱም ያደገው በዚህ ነው ይላሉ። ቲሞፌ ግን ጾሙንም አይፈታም ቅጣቱንም አይተውም ነበር።

ዋናው ነገር እሱ ቅጣቱ ነው አባዬ። ከ1882 እስከ 1884 ባለው ጊዜ ደሞዝ አምስት ጊዜ ተቀነሰ፣ በዛ ላይ ቅጣት፣ አረፈድክ ይቀጡሃል፣ ክር ዘለለ ይቀጡሃል፣ ግማሽ ደሞዙ የሚቆረጥበት ሸማኔ ነበር፣ የተቆረጠው ደሞ ተመልሶ ባለቤቱ ኪስ ይገባል። ሥራ ያቆሙበትን ቀን ልንገርህና ተገረም፣ በነሱ ያኔ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ቀን 1885፣ ቁጭ ብዬ ሳሰላው በኛ ጥር 12 ቀን 1877 ሆኖ አገኘሁት፣ ቃና ዘገሊላ! አፄ ዮሐንስ ነግሠው እኛ አገር ታቦት እየሸኘን እነዚህን ሰዎች በጥምቀት ማግስት ግቡና ሥሩ ብለዋቸዋል፣ በነሱም የመጥምቁ ዮሐንስ በዓል ነው። ሞይሴዬንኮና ቮልኮቭ የሚባሉ ሸማኔዎች ቀድመው አዘጋጅተውት ኖሮ ጠዋት ሥራው ቀጥ አለ፣ 8,000 የሚሆን ሰው ወጣ። ወታደር መጣ፣ ከ600 በላይ ታሰረ። በዓመቱ ቭላዲሚር ላይ 33ቱ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ከሕዝብ ለተመረጡት ዳኞች (ጁሪ የሚባሉት) 101 ጥያቄ ቀረበላቸው፣ ለ101ዱም ጥፋተኛ አይደሉም አሉ። ሞይሴዬንኮን መንግሥት ፍርድ ቤቱን ትቶ ወደ አርካንጌልስክ በግዞት ሰደደው፣ ግን በዛው 1886 ሕግ ወጣ፣ ቅጣት ከደሞዝ ሲሶ እንዳይበልጥ፣ ብሩም ለሠራተኛው መርጃ እንጂ ለባለቤቱ እንዳይሆን።

ይሄን ሳነብ ያ የአንተ ደሞዝ የተቆረጠበት ወር ትዝ አለኝ። ልጅ ነበርኩ፣ ጥቅልሉ ላይ ዘይት ፈሰሰ ብለው የሌላ ፈረቃ ጥፋት ባንተ ላይ ጫኑብህ፣ ፖስታውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ምንም ሳትናገር ተኛህ፣ እማዬ ደሞ እኛን ዝም በሉ እያለች። ለምን እንዳልተከራከርክ ጠይቄህ አላውቅም።

ኳስ ስለምትወድ ይሄንንም ስማ፣ ሃሪ ቻርኖክ የሚባል እንግሊዛዊ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ሠራተኛው እሁድ ቮድካ ላይ እንዳይውል ብሎ ቡድን አቋቋመ፣ ሞሮዞቭሲ ይባላሉ፣ ከ1910 እስከ 1913 አራት ዓመት በተከታታይ የሞስኮን ሊግ በሉ። በ1962 ደሞ የዚሁ ከተማ ክለብ ዝናምያ ትሩዳ ለሶቭየት ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ በሻክታር ዶኔትስክ 2 ለ 0 ተሸነፈ።

አሁን ማሽኑ ቆሟል። ሶቭየት ስትፈርስ ጥጡ የሚመጣበት ኡዝቤኪስታን ሌላ አገር ሆነ፣ በ1989 ቆጠራ ከ130 ሺህ በላይ የነበረው ሕዝብ በ2010 ወደ 120 ሺህ ወረደ፣ ብዙው ወጣት ጠዋት በዛችው ባቡር ሞስኮ ሄዶ ማታ ይመለሳል። ካዛርማ የሚሏቸው የሠራተኛ መኖሪያዎች ግን እንዳሉ ናቸው፣ ቀይ ጡብ፣ ፎቅ፣ መሀሉ ረጅም ኮሪደር፣ ግራና ቀኝ በር በበር፣ ኩሽናው የጋራ። ያሁኑ ሰውም ይኖርበታል፣ አንዱ ጋ ስገባ ሽንኩርት እየተቁላላ ነበር፣ ሽታው ሰፈራችን የገባሁ አስመሰለኝ።

ገበያው ላይ አንዲት አሮጊት ከቤቷ ያወጣችውን ጨርቅ ትሸጣለች፣ አቡጀዲ የመሰለ ነጭ። ስጠይቃት ሸማኔ ነበርኩ አለች፣ ጮክ ብላ ነው የምታወራው ልክ እንዳንተ፣ ከዛ ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ ዳር ዳሩን እያሻሸች የዘለለ ክር ስትፈልግ አየኋት። አንተ የልብስ ሱቅ ስንገባ እያደረግክ የምታሳፍረንን ማለት ነው። ያው ገዛኋት፣ ሁለት ሜትር።

ለፋሲካ የሚመጣ ሰው አለ፣ በሱ እልክልሃለሁ። መስኮት ጋ ወስደህ እየውና ስንት ክር እንደዘለለ ለእህቴ ንገራት፣ ትጻፍልኝ። ስለዛ ፖስታም ከፈለግክ።

ልጅህ