አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ሆኖ አይቅር፦ ለጎንደር ከተማ ከንቲባ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ወርሃዊ መዋጮ መመዝገብና ለቅሶ ሲኖር ድንኳን ማውጣት ነው። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም ድንኳኑ ነው።

የሚቀመጠው በደብራችን አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ነው። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ተሠርቶ ታቦቱ ከገባ ወዲህ አሮጌው ተዘግቷል። ባለፈው ክረምት ድንኳን ላወጣ ስገባ እግሬ ውሃ ውስጥ ጠለቀ። ቆርቆሮው ተበስቷል። የተቀደደ ከበሮ፣ ሽቦው የቀረ ጃንጥላ፣ የእድሩ ብረት ድስት፤ ሁሉም ላይ የርግብ ኩስ። ቀና ስል በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ያለው ሥዕል ጥጉ ተልጦ እንደ እርጥብ ነጠላ ተንጠልጥሏል። የድሮዎቹ ሠዓሊዎች ሸማ ላይ ሥለው ነው ግድግዳ ላይ የሚለጥፉት። ሸማ ደግሞ ውሃ አይችልም።

ስወጣ ደጁ ላይ ከጤና ጣቢያ የተመለሱ ሦስት ባልቴቶች ዝናብ ተጠልለው ይንቀጠቀጣሉ። ከጀርባቸው ያን የሚያህል ቤት ተቆልፎ።

ሐሳባችን ይህ ነው፦ ቤቱ ይጠገንና የሰፈሩ ሕዝብ መገልገያ ይሁን።

ለእናቴ ስነግራት አማተበች። «ቤተ መቅደስ ቢሮ ሊሆን ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ታቦቱ ቢወጣም ቦታው የተቀደሰ ነው። ስለዚህ መቅደሱን አንነካም። ንዋየ ቅድሳት ብቻ ይቀመጥበትና ቁልፉ ከካህናቱ አይውጣ። ቤቱ ክብ ነው፤ ቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያውን ይዞራል። የሚያስፈልገን እሱ ብቻ ነው። አንዱ ጋ አረጋውያን ደም ግፊትና ስኳር ይለኩበታል። አንዱ ጋ ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ማመልከቻ የሚጽፍላቸው ያገኛሉ። አንዱ ጋ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎች መብራት ያለው ማንበቢያ ይኖራቸዋል፤ ማታ ማታ ጎጆ ውስጥ በባትሪ ሲያጠኑ አያለሁ፣ ባትሪውም ለአራት ነው። ዘፈን የለም፣ የሚከራይ ሱቅ የለም፣ ሻይ ቤት የለም። ጫማ ግን ይወለቃል። ይህቺ የእናቴ ቅድመ ሁኔታ ናት፤ ካልሆነ አልስማማም ብላለች።

ደግሞስ አዲስ ነገር መቼ አመጣን? ደጀ ሰላም የተራበ ሲበላበት የኖረ ቤት ነው። ፊደል የቆጠርነው ከየኔታ እግር ሥር፣ ስንጣላ የታረቅነው በዚያው ቅጽር ግቢ ጥላ ነው።

በ1880 ዓ.ም ድርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ከአርባ አራቱ ታቦታት ደብሮች የሚበዙት ነደዱ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን ንቦች አዳኗት ይባላል። ያኔ ጠላት መጥቶ ነው። የኛን የሚያፈርሰው ግን አንድ ቀዳዳ ቆርቆሮ ነው።

ጉዳዩን ይዘን ሄደናል። አንዱ ቢሮ «የቤተ ክርስቲያን ንብረት ነው፣ እኛን አይመለከትም» አለን። ሌላው «ቅርስ ነው፣ እንዳትነኩ» አለን። ሦስተኛው ነገ ኑ ብሎናል፤ ያ ነገ እስካሁን አልመጣም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ለመጠገን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ እናውቃለን። ጥሩ ሕግ ነው። እሱ ባይኖር አንድ ቅን ምእመን ሲሚንቶ ጭኖ መጥቶ ግድግዳውን በለሰነው ነበር። ሲሚንቶ ደግሞ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ ድንጋዩ ከውስጥ እየተላጠ ይሄዳል። ይህ ቤት የቆመው በኖራ ነው፤ ሲጠገንም በኖራ መሆን አለበት። ለዚህ ባለሙያ ያስፈልገናል፤ እኛ ጋ የለም።

የምንለምንዎ ብዙ አይደለም። አንድ የቅርስ ባለሙያና አንድ መሐንዲስ ይላኩልን። የርስዎ ሰዎችና የሀገረ ስብከቱ ሰዎች አንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ አብረው ይቀመጡ፤ እኛ በመካከል ደብዳቤ ማመላለስ ሰልችቶናል። ሰበካ ጉባኤው በቃል እሺ ብሏል። እድሩ ጉልበትና የአቅሙን ብር ያዋጣል። ድንኳኑንም እናወጣለን፤ የት እንደምናስቀምጠው ገና አልተስማማንም እንጂ።

ሰኔ ሳይገባ ቢሆን ደግ ነው። ያ ሥዕል ሌላ ክረምት የሚችል አይመስለኝም። ቁልፉ ዕቃ ቤት ጠባቂው ጋ ነው፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይገኛሉ። ቢመጡ እኔም ደጁ ላይ እጠብቅዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰፈሩ እድር ጸሐፊ
ጎንደር