ይድረስ ለወዳጄ፣ ከጅማ

ውድ ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ረስቼህ አይደለም፤ በመጨረሻው ደብዳቤህ «ስለ ምክንያታዊ አስተሳሰብ ማንበብ ለሚጀምር ሰው ምን ይቅደምለት?» ብለህ ለጠየቅኸኝ ጥያቄ የማምንበት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

መጀመሪያ እኔ ቤት ለሚሰበሰቡት ወጣቶች የአስተሳሰብ ስሕተቶችን ከነስማቸው የሚዘረዝሩ ጽሑፎችን ሰጠኋቸው። ስሞቹን በሳምንት ውስጥ አጠኗቸው፤ ነገር ግን በክርክር እርስ በርስ ለመረታታት እንጂ የገዛ ሐሳባቸውን ለመመርመር አልተጠቀሙባቸውም። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ አጀማመሩን አበላሽቼባቸዋለሁ።

አሁን የምጀምረው እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ዋሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ባሳተመው ሙከራ ነው። «2፣ 4፣ 6 በልቤ የያዝኩትን ሕግ ያሟላሉ፤ እናንተም ሦስት ሦስት ቁጥር እየጠራችሁ ሕጉን ድረሱበት» እላቸዋለሁ። 8፣ 10፣ 12 ይላሉ፤ ያሟላል እላለሁ። 20፣ 22፣ 24 ይላሉ፤ አሁንም ያሟላል። ከዚያ በሙሉ ልብ «ሁለት ሁለት እየጨመረ የሚሄድ ነው» ይሉኛል። ሕጉ ግን እየጨመሩ የሚሄዱ ማናቸውም ሦስት ቁጥሮች የሚል ነው፤ ግምታቸውን ሊያፈርስ የሚችል እንደ 1፣ 2፣ 3 ያለ ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ቢሞክሩ ኖሮ ይደርሱበት ነበር። ዋሰን ከፈተናቸው 29 ሰዎች መካከል አስቀድመው ሳይሳሳቱ ሕጉን ያገኙት 6 ብቻ መሆናቸውን ስነግራቸው እፍረቱ ይለቃቸዋል፤ ለማንበብ የሚጓጉትም ያን ጊዜ ነው።

ከመካከላቸው የቡና ቅምሻ የምትማር አንዲት ልጅ «ናሙናውን ከየት እንደመጣ ሳይነገረን በቁጥር ብቻ የምንቀምሰው ለካ ለዚህ ነው፤ የሊሙ ቡና መሆኑን ቀድሜ ካወቅሁ ምላሴ ሊሙን ይፈልጋል» አለች። እኔ በብዙ ገጽ ላስረዳ ያልቻልሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

አንተ ከፕሮባቢሊቲ፣ ማለትም አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ከሚለካው ስሌት፣ ይጀመር ብለህ ነበር፤ በዚህ አልስማማም። ስሌቱ የግድ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ሰው በራሱ ላይ ስሕተቱን ካየ በኋላ ቢመጣ ይሻላል። ስለዚህ አንተ ጋ ካሉት ጽሑፎች አጫጭሮቹን፣ አንባቢው መልሱን ከማየቱ በፊት ራሱ እንዲገምት የሚያደርጉትን መርጠህ ላክልኝ። በክረምት ብትመጣ ደግሞ ሙከራውን አንተ ትመራላቸዋለህ።

ናፋቂ ወዳጅህ