ስለ ቬፕ ስትጽፉ ሲጋራውን አትርሱት

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ስለ ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ (ቬፕ) ያወጣችሁትን ጽሁፍ አነበብኩት። ሐሳቡ ባጭሩ ከሲጋራ ወደ ቬፕ የሄደ ሰው ከድጡ ወደ ማጡ ገባ የሚል ነው። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። እንዲህ ዓይነት ጽሁፍ በወጣ ሰሞን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ «ካልሆነማ ወደ ሲጋራዬ ልመለስ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። እየቀለደ የሚል አለ። ከምሩ የሚልም አለ። የምጽፍላችሁ ለሁለተኛው ስል ነው።

አይመለስ። ቬፕ ለጤና ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሲጋራን አያህልም፣ ልዩነቱም የዋዛ አይደለም።

ሲጋራ ሲሳብ ጫፉ ላይ ያለው ፍም ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ቃጠሎ ነው። ትንባሆው ሲነድ በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ይወጣሉ፣ ቢያንስ 70ዎቹ ካንሰር አምጪ ናቸው። ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ደም ላይ ስለሚጣበቅ ልብ የባሰ ይለፋል። ቬፕ ውስጥ የሚነድ ትንባሆ የለም። ፈሳሹ በትንሽ ሽቦ ሞቆ ይተናል። ስለዚህ ሲጋራውን ጨርሶ የተወ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ወደማያጨስ ሰው ደረጃ ይወርዳል። ስኮትላንድ ውስጥ የደንዲ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በ2019 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው) ባሳተሙት ጥናት 114 ከባድ አጫሾችን ተከታትለው፣ ወደ ቬፕ የተሻገሩት ሰዎች የደም ሥራቸው የመለጠጥ አቅም በአንድ ወር ውስጥ እንደተሻሻለ አይተዋል። አንድ ወር ብቻ! ይህን የመሰለ ነገር ጽሁፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም።

በሌላ በኩል ሻጮቹ ሳይታክቱ የሚጠቅሷት ቁጥር አለች። ቬፕ ከሲጋራ በ95 በመቶ ያነሰ ጉዳት አለው የምትለዋ። የእንግሊዝ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት በ2015 ነው ያወጣት፣ ያኔም ቢሆን ብዙ ተመራማሪዎች መነሻዋ ስስ ነው ብለው ተከራክረውባታል። ቬፕ ዛሬ ባለው መልኩ የተሠራው በ2003 አካባቢ ነው። የሳንባ ካንሰር ራሱን ለማሳየት አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል። 95 ይሁን 80 ከአሁኑ በእርግጠኝነት ሊናገር የሚችል የለም። እኔ ለደንበኞቼ «ከሲጋራ በብዙ ይሻላል፣ ንጹህ አየርን ግን አይተካም» ነው የምላቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ሰው የሚሰማውን ሁሉ በቬፕ ያሳብባል፣ ግማሹ ግን የቬፑ ሳይሆን ሲጋራ የማቆም ጣጣ ነው።

ሳሉን እንውሰድ። ሲጋራ በአየር ቧንቧችን ውስጥ ያሉትን አክታ የሚጠርጉ ጥቃቅን ፀጉሮች ሽባ ያደርጋል። ጭሱ ሲቀር ይነቃሉ፣ ለዓመታት የተጠራቀመውንም ማስወጣት ይጀምራሉ። በዚህ የተነሳ ለጥቂት ሳምንታት ሳሉ ሊብስ ይችላል። ሰውየው ታዲያ «ሲጋራ እያጨስኩ እንዲህ አልሳልኩም፣ ይሄ ነገር ሳንባዬን ጨረሰው» ይላል። የድድ መድማትም እንዲሁ ነው። ኒኮቲንና ጭስ የድድን ደም ዝውውር ስለሚያፍኑ አጫሽ ድዱ ቢታመምም ብዙ አይደማም፣ ሲጋራውን ሲተው ነው ብሩሹ ላይ ደም የሚያየው። የአፍ ቁስል፣ የሆድ ድርቀት፣ ንጭንጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህም ሲጋራ ካቆሙ በኋላ የታወቁ ናቸው፣ ቬፕ ነክቶ የማያውቅ ሰውም ያልፍባቸዋል።

የቬፑ የራሱ የሆኑትም አሉ። ፈሳሹ ውስጥ ያለው ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ኬሚካል እርጥበት ይስባል። ጉሮሮ የሚደርቀውና የሚከረክረው በዚህ ነው። ውሃ አብዝቶ መጠጣትና ግሊሰሪን የሚበዛበት ፈሳሽ መቀየር ብዙውን ጊዜ ይረዳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና የልብ መምታት ሲመጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኒኮቲን በዝቷል ማለት ነው። ሲጋራ ያልቃል፣ ይጣላል፣ ሌላ ለመለኮስ መነሳት አለ። ቬፕ ማለቂያው አይታወቅም፣ ፊልም እያዩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳብ ሳብ ይደረጋል። በዚያ ላይ ከዛሬዎቹ ፈሳሾች ብዙዎቹ የኒኮቲን ጨው ስለሆኑ ጉሮሮ አይቆረቁሩም፣ ሰውም መጠኑ መብዛቱ አይታወቀውም። ከአንድ ሲጋራ ወደ ሰውነት የሚገባው ኒኮቲን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ ሚሊ ሊትር ፈሳሽ 20 ሚሊግራም ጣሪያ አድርጓል፣ ከዚያ የሚበልጥ የሚሸጥበት አገርም አለ። ጠርሙሱ ላይ ያለችውን ቁጥር ያንብቡ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በቅርቡ አንድ ወጣት የሳል ሽሮፕ ፈልጎ መጣና ቬፑን አውጥቶ አሳየኝ። ከፍቼ ሳየው ሽቦው የተጠቀለለበት ጥጥ ጠቁሮ ከስሏል፣ ፈሳሹም ወደ ቡናማ ሄዷል። «የተቃጠለ ነገር ጣዕም አለው፣ ግን ይሠራል» አለኝ። ጥጡ ደርቆ ሽቦው ከመጠን በላይ ሲግል ፎርማልዴሃይድና አክሮሊን ይፈጠራሉ፣ ሲጋራ ውስጥ የሸሻቸው ነገሮች ማለት ነው። ከሽቦው ኒኬልና ክሮሚየምም ይወጣል። ሽሮፑን አልሸጥኩለትም፣ ሽቦውን ቀይር ብዬ ላክሁት። (አለቃዬ ይህን ደብዳቤ ባያነብ ደስ ይለኛል።)

ሰው ከሁሉ ያነሰ የሚያውቀው የመድኃኒቱን ጉዳይ ነው። የሲጋራ ጭስ ጉበት አንዳንድ መድኃኒቶችን ቶሎ ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ ነው፣ ኒኮቲኑ አይደለም። ስለዚህ ወደ ቬፕ የዞረ ሰው ኒኮቲኑን ባይተውም ጉበቱ ግን ሲጋራ እንዳቆመ ሰው ይሆናል፣ ያው የድሮው መጠንም ደም ውስጥ እየከበደ ይመጣል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን፣ ለአስም የሚሰጠው ቲዮፊሊን ከነዚህ ውስጥ ናቸው። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይናገር ሲጋራ ቢያቆም መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ መርዛማ ደረጃ ላይ ሊደርስ ይችላል። ካፌይንም በዚሁ መንገድ ነው የሚወገደው፣ አጫሽ ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ያስወግደዋል። እና ቬፕ ጀምሬ እንቅልፍ አጣሁ፣ እጄ ይንቀጠቀጣል የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው በቀን ስንት ቡና እንደሚጠጣ ነው።

የልብ መርገብገቡ፣ ሳሉ፣ ድርቀቱ ይህን ያህል ነው። የደረት ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ትኩሳት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ ግን እዚህ ጋ ማንበቡን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው።

ጽሁፋችሁ በጣም ያስፈራራበት የሳንባ በሽታ ላይም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተደበላልቀዋል። በ2019 አሜሪካ ውስጥ ቬፕ የሚስቡ ሰዎች ላይ የደረሰው የሳንባ ጉዳት እውነት ነው፣ እስከ የካቲት 2020 በፈረንጆቹ አቆጣጠር 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተው ወይም ሞተው ተመዝግበዋል፣ የሞቱት 68 ናቸው። ግን የዚያ ዋናው ተጠርጣሪ ከመንገድ ላይ የሚገዛ የካናቢስ ዘይት ውስጥ የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት ነበር። «የፈንዲሻ ሳንባ» የተባለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው፣ በ2000 ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየ፣ ዲያሴቲል ከሚባል የቅቤ ጣዕም የመጣ። ዲያሴቲል እንግሊዝ ውስጥ ለቬፕ ፈሳሽ የተከለከለ ነው፣ የሲጋራ ጭስ ውስጥ ግን ሞልቷል። ከሁለቱም የሚወጣው ምክር አንድ ነው፣ ምንነቱ ያልታወቀ ፈሳሽ ወደ ሳንባ አይገባም።

እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ሲጋራውን ሳይተው ቬፑን የሚጨምረው ሰው። ጠዋት ከቁርስ በኋላ አንድ፣ ማታ ከጓደኛ ጋር ሁለት፣ የቀረውን በቬፕ። «ከፓኮ ወደ ሦስት ወረድኩ» ብሎ ይኮራል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። በ2018 ብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ላይ የወጣ የብዙ ጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ በቀን አንድ ሲጋራ ብቻ የሚያጨስ ሰው ለልብ ሕመም ያለው ተጨማሪ አደጋ በቀን 20 ከሚያጨሰው ግማሽ ያህሉ ነው። ሃያኛ አይደለም፣ ግማሽ። ለልብ ሲሆን መቀነስ ያን ያህል አያተርፍም፣ የሚያተርፈው መተው ነው። አጫሽ ያልሆነ ሰው፣ በተለይ ልጅ፣ ቬፕ የሚይዝበት ምክንያት ደግሞ ጭራሽ የለም። የሚያተርፈው ሱስ ብቻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። እንግሊዝ ውስጥ 886 ሰዎች ላይ የተደረገ የ2019 ጥናት አለ። በዓመቱ መጨረሻ በቬፕ ከሞከሩት 18 በመቶ፣ ኒኮቲን ባለው ፕላስተርና ማስቲካ ከሞከሩት 9.9 በመቶ ሲጋራ አቁመዋል። ሳልና አክታም የቬፖቹ ዘንድ ይበልጥ ቀንሷል። ጥሩ ነው። ግን ከተሳካላቸው የቬፕ ሰዎች 80 በመቶው ዓመቱ ሲያልቅም ቬፑን አልለቀቁም፣ ከፕላስተርና ማስቲካዎቹ 9 በመቶው ብቻ ናቸው ያልለቀቁት። በሚቀጥለው ስለዚህ ጻፉልን፣ ከቬፕ እንዴት እንደሚወጣ። ሰው ኒኮቲኑን በአንዴ ከ20 ወደ 3 ሲያወርደው ሳያውቀው ረዘም እያደረገ፣ ቶሎ ቶሎ መሳብ ይጀምራል፣ የሚተነውም ፈሳሽ ይበዛል። በየሳምንታቱ ትንሽ ትንሽ ማውረድ፣ አልጋ አጠገብ አለማሳደር፣ የመሳቢያ ሰዓት መወሰን፣ ምኞቱ ሲጠነክር ማስቲካውን መጠቀም፣ እኛ ባንኮኒ ላይ የምንለው ይህንን ነው። የሱስ ሐኪም ብታነጋግሩ ከዚህ የተሻለ ይነግራችኋል።

አክባሪያችሁ፣
የዘወትር አንባቢያችሁ